«አካታች ዕድገት» እና «ማኅበራዊ አካታችነት»፦ ስለ ስያሜዎቹ አመራረጥና የአጠቃቀም ወሰን

በሀገራዊ የልማት ዕቅዶችና በማኅበራዊ ፖሊሲዎች ውስጥ ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ እየተዘወተሩ ከመጡት ሙያዊ ቃላት መካከል፣ በእንግሊዝኛው «ኢንክሉሲቭ» የተባለው ቅጽል የሚገኝባቸው ሐረጎች ይገኙባቸዋል። ይህ ቅጽል ወደ አማርኛ ሲመለስ አንድ ጊዜ «ሁሉን አቀፍ»፣ ሌላ ጊዜ «አሳታፊ»፣ ሌላ ጊዜ «አቃፊ»፣ አሁን አሁን ደግሞ «አካታች» ሲባል እናያለን። በትምህርት ዘርፍ «አካቶ» የተባለ ሌላ ስያሜ ከእነዚህ ጋር ተጨምሯል። በአንድ ሰነድ ውስጥ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ሁለትና ሦስት ቃል የሚሰነዘርበት ጊዜም አለ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጽንሰ ሐሳቡን በአጭሩ ካብራራን በኋላ ተፎካካሪዎቹን ቃላት በሥርወ ቃላቸውና በአገባባቸው መርምረን፣ የእያንዳንዱን የአጠቃቀም ወሰን ለማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ብለን የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠር ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የሚነገረውን «እ.ኤ.አ.» በማለት እንለየዋለን።

ሀ. ጉዳዩ ለምን ክብደት እንደ ተሰጠው

የስያሜ አመራረጥ የተርጓሚው ጣዕም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ርእስ ላይ ይህን ያህል መድከም ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ ዕውቅና ያለው ቅጂ የአማርኛው መሆኑን ይደነግጋል። በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ደግሞ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢፈጠር አማርኛው እንዲጸና አድርጓል። ስለሆነም አንድ ረቂቅ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ታስቦ ወደ አማርኛ የተመለሰ ቢሆን እንኳ፣ አዋጅ ሆኖ ከታተመ በኋላ ዳኛው የሚመለከተው፣ አስፈጻሚው የሚገዛበት፣ ዜጋውም መብቱን የሚጠይቅበት ቃል የአማርኛው ነው። ተርጓሚው ሳያስተውል የተወው አሻሚነት የሕግ አሻሚነት ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ረገድ የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የአካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳት መንግሥት ዐቅም በፈቀደ መጠን ሀብት እንዲመድብ ያዛል። በአንቀጽ 89 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ሁሉ የኑሮ ሁኔታቸውን ለማሻሻል እኩል ዕድል እንዲያገኙና የሀብት ክፍፍሉ ፍትሐዊ እንዲሆን የማድረግን ግዴታ በመንግሥት ላይ ይጥላል። ከእነዚህ ድንጋጌዎች የሚመነጭ ፖሊሲ ሲጻፍ ስያሜው ከላላ፣ አብሮ የሚላላው የእነዚሁ ሰዎች መብት ነው።

ለ. የጽንሰ ሐሳቡ አመጣጥና ይዘት

እዚህ ላይ የተያያዙ፣ ነገር ግን አንድ ያልሆኑ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች አሉ። ከኅብረተሰብ ስለ መገለል የሚነገረው ሐሳብ በፖሊሲ ቋንቋ ውስጥ ስፍራ እንዲያገኝ ካደረጉት መካከል ፈረንሳዊው ሬኔ ሌኗር ይጠቀሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ከአሥር ፈረንሳውያን አንዱ የተገለለ መሆኑን በርእሱ ጭምር አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በኮፐንሃገን የተደረገው የዓለም ማኅበራዊ ልማት ጉባኤም ድህነትን ከማጥፋትና ሥራን ከማስፋፋት ጋር ማኅበራዊ ውሕደትን ሦስተኛው ዐቢይ ርእሱ አደረገ።

ሁለተኛው፣ ማለትም ዕድገትን የሚገልጸው ሐረግ፣ ዘግይቶ የመጣ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 የዘለቀውን 11ኛውን የአምስት ዓመት ዕቅዷን በዚሁ ሐሳብ ዙሪያ ቀረጸች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ላወጣው የአሥር ዓመት ስልት ከሦስቱ መለያዎች አንዱ አደረገው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው ዘላቂ የልማት ግቦችም በ8ኛው ግብ ስለ ዕድገት፣ በ4ኛው ግብ ስለ ትምህርት፣ በሌሎችም ስለ ከተሞችና ስለ ተቋማት ይህንኑ ቅጽል ይጠቀማሉ።

ይዘቱን በአንድ የሀገራችን ምሳሌ መግለጽ ይቻላል። በመንግሥት መረጃ መሠረት በ1997 ዓ.ም. ከመቶው ሕዝብ 38.7 ያህሉ ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ይህ ቍጥር ወደ 29.6 ወረደ። የምጣኔ ሀብቱ ዕድገት ፈጣን ነበር፤ የድሆችም ቍጥር ቀንሷል። ይሁን እንጂ የዓለም ባንክ የዚያኑ ዘመን የቤተሰብ ፍጆታ ሲመረምር፣ ከሕዝቡ መካከል እጅግ ድሃ የሆነው አንድ አሥረኛ ፍጆታው ከፍ እንዳላለለት አመልክቷል። እንግዲህ ይህ ዕድገት «ፈጣን» ነበር ማለት ይቻላል፤ «ድህነትን የቀነሰ» ነበር ማለትም ይቻላል። ከታች ላለው አንድ አሥረኛ ግን «አካታች» ነበር ማለት አይቻልም። ሦስቱ አባባሎች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይለካሉ፤ በመሆኑም ሦስት የተለያዩ ስያሜዎች ያስፈልጓቸዋል።

ባጭሩ፣ ዕድገትን የሚመለከተው ሐረግ የሚጠይቀው የዕድገቱ ፍሬና ዕድገቱን የማምጣት ዕድል ለማን እንደ ደረሰ ነው። ኅብረተሰብን የሚመለከተው ሐረግ ግን ከገቢ ያለፈ ነው፤ አንድ ሰው በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በፍርድ ቤት፣ በአደባባይ እንደ ማንኛውም ሰው ቆሞ መገኘት መቻሉን ይመለከታል። ገቢ ያለው ሰው በማኅበራዊ ረገድ የተገለለ ሊሆን ይችላል፤ ከጐረቤቱ ጋር ተከብሮ የሚኖር ሰውም ከዕድገቱ ድርሻ ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ሐ. ተፎካካሪዎቹ ቃላት

1. «ሁሉን አቀፍ»፦ «አቀፍ» ከ«ዐቀፈ» የወጣ ሆኖ በአማርኛ ሥር የሰደደው የስፋትን ወሰን ለመግለጽ ነው። «ዓለም አቀፍ»፣ «አገር አቀፍ»፣ «ክፍለ ዓለም አቀፍ» እንላለን። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር እስከ የት እንደሚደርስ እንጂ ማን ወደ ውስጥ እንደ ገባ አይነግሩንም። ስለዚህ «ሁሉን አቀፍ» ለ«ኮምፕሪሄንሲቭ» ተስማሚ ነው። ስለ ግብርና፣ ስለ ጤና፣ ስለ መንገድና ስለ ንግድ ምዕራፍ ያለው ፖሊሲ ሁሉን አቀፍ ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን መስማት የተሳነው አርሶ አደር ከግብርና ባለሙያው ምክር የሚያገኝበት መንገድ ካልተመለከተበት አካታች አይደለም። ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ቃል መጥራት፣ የጉዳዮችን ዝርዝር ያሟላ ሰነድ ሰዎችን ያሟላ እንዲመስል ያደርጋል። በተርጓሚዎች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚታየው ስሕተት ይህ ነው።

2. «አሳታፊ»፦ ይህ ቃል ተሳትፎን ይመለከታል፤ ለ«ፓርቲሲፓቶሪ»ም ተተክሏል። የተሳተፈ ሁሉ ግን ድርሻ አገኘ ማለት አይደለም። አንድ ቀበሌ በጉልበቱ ተሳትፎ በሠራው የውሃ ቦይ ከቦዩ ግርጌ ያሉት ማሳዎች ውሃ ላይደርሳቸው ይችላል።

3. «ፍትሐዊ»፦ የክፍፍልን ሚዛን ይገልጻል። ከአካታችነት ጋር ዝምድና ቢኖረውም ለ«ኢኩዊተብል» መጠበቅ አለበት።

4. «አቃፊ»፦ ትርጉሙ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የእናትነትና የርኅራኄ ስሜት ይጫነዋል። በአደባባይ ንግግር ያምር ይሆናል፤ ግዴታን በሚጥል አንቀጽ ውስጥ ግን ችሮታን እንጂ መብትን አያስታውስም።

5. «አካቶ»፦ በትምህርት ዘርፍ «አካቶ ትምህርት» የተባለው ስያሜ ተለምዷል። በሰዋስው ዐይን ስናየው «አካቶ» ቦዝ አንቀጽ ነው። በአማርኛ ቦዝ አንቀጽ ጥምር ስም ሲመሠርት የሚከተለው ከግሥ የወጣ ቃል መሆኑን ልብ ይሏል፤ «ሠርቶ አደር»፣ «አርሶ አደር»፣ «አርብቶ አደር»፣ «ሠርቶ ማሳያ» ምስክሮች ናቸው። በዚህ መንገድ «አካቶ ማስተማር» ሥርዐቱን የጠበቀ ሲሆን፣ «አካቶ ትምህርት» ግን ከመንገዱ ወጣ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ስያሜው በትምህርት ቤቶችና በመምህራን ዘንድ ስለ ተተከለ ይነቀል አንልም፤ ከትምህርት ዘርፍ ወጥቶ «አካቶ ዕድገት»፣ «አካቶ ፖሊሲ» እየተባለ እንዳይራባ ግን እናሳስባለን።

6. «አካታች»፦ ይህን ቃል የምንደግፍበትን ምክንያት በሚከተለው ክፍል እናብራራለን።

መ. የ«አካታች» አመሠራረት

ዘሩ «ከተተ» ነው፤ ወደ ውስጥ አስገባ፣ ሰበሰበ ማለት ነው። በአዕማድ ሲዘረዘር አድራጊው «ከተተ»፣ ተደራጊው «ተከተተ»፣ አስደራጊው «አስከተተ»፣ ተደራራጊው «ተካተተ»፣ አደራራጊው «አካተተ» ይሆናል። «ተካተተ» እና «አካተተ» ከ«ተካፈለ» እና «አካፈለ»፣ ከ«ተሳተፈ» እና «አሳተፈ» ጋር አንድ ቅርጽ አላቸው። ይህ ቅርጽ አንዱ ከሌላው ጋር የሚሆነውን ነገር ለመግለጽ የተመቸ በመሆኑ፣ ሰውን እንደ ዕቃ ከሚያስገባው «ከተተ» ይልቅ ለጽንሰ ሐሳባችን ይስማማል። እንግሊዝኛው ቃል ከላቲን የመጣና በመነሻው «ውስጥ አድርጎ መዝጋት» የሚል መሆኑን ስናስታውስ፣ የአማርኛው ዘር ከዚህ የተሻለ እንጂ ያነሰ አይደለም።

ዘሩ በሕዝብ አፍም ባዕድ አይደለም። «ክተት» የሚለው የዘመቻ ጥሪ ከዚሁ ወጥቷል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ያሳወጁት ክተት ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ በጸሎቱ እንዲረዳ የሚጠራ እንደ ነበር በሰፊው ይታወቃል። ደካማው ከጥሪው አልቀረም፤ ዐቅሙ የሚፈቅደው ተግባር ተሰጠው። «ከነአካቴው» የሚለውም የዚሁ ቤተሰብ ዘመድ ሆኖ «አንድም ሳይቀር» የሚለውን ስሜት ይዟል። «ማንንም ወደ ኋላ አለማስቀረት» የሚባለው የዘመኑ መርሕ በዘሩ ውስጥ አስቀድሞ አለ ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አካታች» ባለቤትነትን የሚሰጠው ለአካታቹ ነው፤ የሚካተተው ሰው ተሳቢ ሆኖ ይቀራል። የሀገራችን ሰው ግን ይህንኑ ነገር ሲናገር «ከሰው ተራ ገባ»፣ «ከሰው ተቈጠረ» ይላል፤ ለተቃራኒውም «ከሰው ተራ ወጣ»፣ «ባይተዋር ሆነ» ይላል። በእነዚህ አባባሎች የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሰውዬው ራሱ ነው። ስለዚህ መብት በሚደነገግበት አንቀጽ «መንግሥት የአካል ጉዳተኞችን ያካትታል» ከማለት «የአካል ጉዳተኞች የመካተት መብት አላቸው» ማለት የተሻለ ነው። በመጀመሪያው አጻጻፍ ዜጋው ጠባቂ ነው፤ በሁለተኛው ጠያቂ ነው። በቅርጽ ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል ያህል ቢመስልም፣ በፍርድ ቤት ፊት ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

ሠ. ተቃራኒው ቃል

ለ«ኤክስክሉዥን» የተለመደው «ማግለል» እና «መገለል» ነው። እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው፣ «መገለል» በጤናው ዘርፍ «አድልዎና መገለል» እየተባለ ለ«ስቲግማ»ም አገልግሏል። ስቲግማ በሰው ላይ የሚለጠፍ የነውር ምልክት ሲሆን፣ ኤክስክሉዥን ከድርሻና ከስፍራ መቅረት ነው። አንዱ ለሌላው ምክንያት ይሆናል እንጂ አንድ አይደሉም። በአንድ ሰነድ ሁለቱም በሚገኙበት ጊዜ የመጀመሪያውን «ማነወር» ወይም «የነውር መገለል» ብሎ መለየት ይቻላል። ሁለተኛው ችግር፣ ከዚሁ ዘር የወጣው «ገለልተኛ» በጎ ትርጉም ያለው መሆኑ ነው፤ ተርጓሚው «የተገለለ» እና «ገለልተኛ» እንዳይደባለቁበት መጠንቀቅ አለበት።

ማግለል ብዙ ጊዜ ከስም እንደሚጀምርም ማስታወስ ይገባል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው በሙያቸው ስም ሲሰደቡ፣ በጋብቻና በማኅበር ሲገፉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው በሥራው እንዳይሰደብ ያሳወጁት አዋጅ፣ በዛሬው አነጋገር ማኅበራዊ አካታችነትን በስያሜ በኩል ለማስጠበቅ የተሞከረበት ነው ልንል እንችላለን። በኋላም «ደንቆሮ» እና «ዕውር» በሚሉት ፈንታ «መስማት የተሳነው» እና «ማየት የተሳነው» በሕዝብ መገናኛና በመንግሥት ጽሑፎች ተተክተዋል። ይሁን እንጂ ስምን መለወጥ በራሱ በር እንደማይከፍት የታወቀ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ረ. የቅርብ ዘመዶቻቸው

ፖሊሲው ወደ ተግባር ሲወርድ ሌሎች ስያሜዎችን ያስከትላል። «ማኅበራዊ ዋስትና» በጡረታና በመሰል መዋጮዎች ላይ ለተመሠረተው ሥርዐት ተተክሏል። «ማኅበራዊ ደኅንነት» በ1989 ዓ.ም. በወጣው ልማታዊ የማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ ታውቋል። «ማኅበራዊ ጥበቃ» ደግሞ በ2007 ዓ.ም. በጸደቀው ብሔራዊ ፖሊሲ የሁሉም ጥላ ሆኗል። ሦስቱን እያቀያየሩ መጠቀም አይገባም።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለቃላት ተመራማሪ ብዙ ትምህርት አለው። በመጀመሪያ፣ «ሴፍቲኔት» ሳይተረጐም በገጠር ሕዝብ አፍ ገብቷል፤ ስለዚህ አዲስ ቃል ልንተካለት አንሻም። ቀጥሎም፣ በእንግሊዝኛው «ፕሮዳክቲቭ» የተባለው በአማርኛ «ምርታማ» ሳይሆን «ልማታዊ» ተባለ፤ በ1989ኙ ፖሊሲ ግን «ልማታዊ» ለ«ዴቨሎፕሜንታል» ውሎ ነበር። አንድ የአማርኛ ቅጽል ሁለት የእንግሊዝኛ ቅጽሎችን ተሸከመ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን «ምረቃ» ነው። አንድ ቤተሰብ ራሱን ቻለ ተብሎ ድጋፉ ሲቋረጥ «ተመረቀ» ይባላል። በአማርኛ «መረቀ» ባረከ ማለት ስለ ሆነ፣ «ተመረቀ» ደግሞ ትምህርቱን ፈጸመ የሚል ደስታ ስላለበት፣ ሳይደርስ የተሰናበተ ቤተሰብ የደረሰበትን ጉዳት ቃሉ ይሸፍነዋል። «ራስን በመቻል መሸጋገር» ቢባል ሐሳቡን ያለ ቡራኬ ይገልጸዋል፤ ያልቻለም ሰው «አልቻልሁም» ለማለት ይበቃል።

ሌላው ወጥመድ በተጠቃሚዎች ምልመላ ላይ ይገኛል። በዚያ መስክ «ኢንክሉዥን ኤረር» የሚባለው መግባት የማይገባው ሰው መግባቱን፣ «ኤክስክሉዥን ኤረር» የሚባለውም መግባት የሚገባው መቅረቱን ነው። ተርጓሚው «የማካተት ስሕተት» ብሎ ቢጽፍ ማካተት ራሱ ጥፋት ይመስላል። «ያላግባብ ማስገባት» እና «ያላግባብ ማስቀረት» ቢባል ግን አሻሚነት አይኖርም።

ሰ. የቀረቡት ስያሜዎች

አካታች (ቅጽል)፦ መግባት የሚገባውን ሰው ሁሉ ያለ አድልዎ የሚያስገባ። ምሳሌ፦ አካታች የብድር አገልግሎት መያዣ ለሌላቸውም መንገድ ያበጃል። «ሁሉን አካታች» ማለት ድግግሞሽ ስለሆነ በሕግ ጽሑፍ አይመከርም።

አካታች ዕድገት፦ ፍሬውና ዕድሉ እስከ መጨረሻው የገቢ ደረጃ የሚደርስ የምጣኔ ሀብት ዕድገት።

ማኅበራዊ አካታችነት፦ ማንም በጾታው፣ በሙያው፣ በአካሉ፣ በቋንቋው ወይም በትውልዱ ምክንያት ከኅብረተሰቡ ኑሮ የማይቀርበት ሁኔታ።

ማካተት፦ ይህን ሁኔታ የማምጣት ተግባር፤ ግዴታው የተጣለበት አካል በግልጽ ሲጠቀስ የሚውል።

መካተት፦ የሰውዬው መብት፤ በመብት አንቀጾች የሚመረጥ።

ሁሉን አቀፍ፦ የጉዳዮችን ስፋት ብቻ የሚገልጽ።

አሳታፊ፣ ፍትሐዊ፣ ተደራሽ፦ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ጽንሰ ሐሳብ የሚጠበቁ፤ በ«አካታች» ስፍራ የማይገቡ።

ባለመብት፦ «ተጠቃሚ» የሚለው ስጦታን ሲያመለክት፣ ይህኛው በሕግ የተሰጠ ጥያቄ ያለውን ሰው ያመለክታል። ሁለቱ አይወራረሱም።

ሸ. ማጠቃለያ

አንድ ፖሊሲ አካታች ነው ለመባል ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፤ እነርሱም የቀረው ማን ነው፣ ያስቀረው ምንድን ነው፣ ተጠያቂውስ ማን ነው የሚሉት ናቸው። ተርጓሚውም ረቂቁ በእጁ ሲገባ እነዚህኑ ጥያቄዎች ለዐረፍተ ነገሩ ማቅረብ ይችላል። «ማካተት» የሚል ቃል አግኝቶ አካታቹን ካጣ፣ «ተካታች» የሚል አግኝቶ ማን እንደ ሆነ ካልተጻፈ፣ ጕድለቱ ከቃሉ ሳይሆን ከረቂቁ ነውና ለአርቃቂው ማመልከት ይገባዋል። ባማረ ስያሜ ሊሸፍነው ግን አይገባም።

እዚህ የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት እንጂ ለፍጻሜ አይደሉም። በተለይ በሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች የሚሠሩ ባልደረቦቻችን በየቋንቋቸው «ከሰው ተራ መግባት» የሚባለው እንዴት እንደሚነገር ቢያካፍሉን፣ የአማርኛው ስያሜ የተሻለ መልክ ሊይዝ እንደሚችል እናምናለን።